ነርቭ «ያመነጫል» ወይስ «ይለቃል»?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ «የነርቭ ሴል አሴቲልኮሊን ይለቃል» ብዬ ጻፍኩ፤ አሴቲልኮሊን ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል ነው። የሥራ ባልደረባዬ «ለቀቀ ማለት እኮ ተወ ነው፤ ያመነጫል በል» ብሎ ሰረዘብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። ባልደረባዎም ግን ዝም ብለው አልተናገሩም። «ሥራ ለቀቀ»፣ «ቤት ለቀቀ» ስንል በእርግጥም መተው ነው። ሆኖም «እስረኛ ለቀቁ»፣ «ጨርቁ ቀለም ለቀቀ»፣ «አዲስ ዜማ ለቀቀች» እንላለን። እዚህ ላይ የሚለቀቀው ነገር አስቀድሞ የነበረ ነው፤ ተይዞ ቆይቷል። «አመነጨ» ደግሞ የምንጭ ዘመድ ነው። መሥራቱንም ማውጣቱንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። እናንተ ሰፈር እንኳ ቧንቧው ሲንፎለፎል «ውሃ ተለቀቀ» እንጂ «ውሃ መነጨ» የሚል የለም።

«ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል» የሚለውን ለምደነዋል፤ አልከራከርም። ነርቭ ላይ ግን ልዩነቱ ራሱ ትምህርት ነው። የነርቭ ተመራማሪው በርናርድ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ በኤሌክትሪክ ለኩ። ነርቩ ሳይነካ እንኳ ጡንቻው ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ብቅ ይላሉ። መጠናቸው ተቀራራቢ ነው። ነርቩ ሲነቃ የሚታየው ትልቅ ምልክት ደግሞ የእነዚሁ የጥቃቅኖቹ ድምር ሆኖ ተገኘ። ኬሚካሉ አይንቆረቆርም ማለት ነው፤ በጥቅል በጥቅል ይወጣል። ካትዝ በ1970 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ጥቅሉ 40 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ ስፋት ያለው ከረጢት ነው። ሞልቶ፣ የሴሉ ሽፋን ሥር ተጠግቶ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ ካልሲየም ይገባል፤ ከረጢቱ ከሽፋኑ ጋር ይዋሃድና የያዘው ይወጣል። ፈጣን በሆኑት መገናኛዎች ካልሲየም ከገባ በኋላ የሰከንድ አንድ ሺኛ እንኳ አይፈጅም። በዚያች ቅጽበት የሚመረት ነገር የለም። የተቀመጠው ነው የሚለቀቀው።

«ይረጫል» የሚሉም አሉ። እኔ አልወደውም። ማዶ ያለው ሴል በናኖሜትር በሚቆጠር ርቀት ላይ ነው፤ ይሄ ምኑ መርጨት ይባላል?

ማስታወሻው ላይ እንዲህ ይጻፉት፦ «ሴሉ ኬሚካሉን ይሠራል፤ በከረጢት ያከማቻል፤ ካልሲየም ሲገባ ይለቃል።» በሁለት ቀ «ይለቅቃል» ቢሉም ያስኬዳል፤ ብቻ አንዱን ይያዙ።