ሳህኑ ላይ ያለውን ክብ ከማመናችሁ በፊት

ውድ የማይክሮባዮሎጂና የፋርማሲ ተማሪዎች፣

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ጦስኝን፣ ጤና አዳምን፣ ዳማ ከሴን ወይም ብሳናን በበሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ላይ ለመሞከር እንደምትመርጡ አውቃለሁ፤ ምርጫችሁም ደስ ያሰኘኛል። ባክቴሪያዎች የለመድናቸውን መድኃኒቶች እየተላመዱ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ እናቶቻችን በጓሯቸው ያቆዩልንን ዕፅዋት መመርመር የሚገባ ሥራ ነው። በዚህ ሙያ ያረጀሁ በመሆኔ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ በአጋሩ ላይ፣ ማለትም ባክቴሪያው በሚያድግበት ጄሊ መሰል ምግብ ላይ፣ የምታዩትን ጥርት ያለ ክብ፣ ባክቴሪያው ያላደገበትን ቦታ፣ ከማመናችሁ በፊት ተጠራጠሩት።

ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት ለቁስል ይሆናል ብለው የሰጡኝን ቅጠል በጥላ አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ ሜታኖል በተባለ አልኮል ዘፍዝፌ ያገኘሁትን ንጥር፣ አጋሩ ላይ በቆፈርኩት ጉድጓድ ጨምሬ፣ ቁስል በሚያመረቅዘው ባክቴሪያ በስቴፊሎኮከስ ኦሪየስ ላይ ሞከርኩ። በማግስቱ ሳህኑን ከኢንኩቤተር ሳወጣ 22 ሚሊሜትር የሚሰፋ ክብ አየሁና ወደ መምህሬ ሮጥኩ። እሳቸው ግን «ሜታኖሉ ብቻውንስ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁኝ። ሜታኖል ብቻ ያለበት ጉድጓድ አላዘጋጀሁም ነበር። ፈሳሹን በሚገባ አትንኜ ስደግመው ክቡ ወደ 10 ሚሊሜትር ወረደ፤ ጉድጓዱ ራሱ 6 ሚሊሜትር ነበር።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ማሟሚያው (እንደ ሜታኖል ያለው) ብቻውን፣ እንዲሁም ኃይሉ የታወቀ መድኃኒት አብረው ይኑሩ። የባክቴሪያው ብጥብጥ 0.5 ማክፋርላንድ ከተባለው የድፍርስነት መለኪያ ጋር ይስተካከል፤ ይህም በአንድ ሚሊሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ማለት ነው። ብጥብጡ ከቀጠነ ክቡ ያለ አግባብ ይሰፋል፣ አጋሩ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከወፈረ ደግሞ ይጠባል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ንጽጽሩ ነው። «ንጥራችን ከሲፕሮፍሎክሳሲን የሚስተካከል ክብ ሠራ» የሚል፣ ንጥርን ከታወቀ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የሚያወዳድር ዓረፍተ ነገር ስታነቡ መጠኑን አስሉ። የሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ (መድኃኒቱ የተነከረበት ክብ ወረቀት) የሚይዘው 5 ማይክሮግራም ነው፤ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ካለው ንጥር 100 ማይክሮሊትር ስትጨምሩ ግን 10 ሚሊግራም፣ ማለትም 2000 እጥፍ ጨምራችኋል። በዚያ ላይ ክቡ የሚለካው የመግታት ኃይልን ብቻ ሳይሆን ንጥሩ በአጋሩ ውስጥ የመስረግ ችሎታውንም ጭምር ነው። የጦስኝ ዘይት ውስጥ ያሉት ቲሞልና ካርቫክሮል በውሃ በደንብ አይሟሙም፣ ይተናሉም፤ እንፋሎታቸው ከክዳኑ ሥር ተሰራጭቶ የጎረቤቱን ጉድጓድ ውጤት ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በክቡ ሳትረኩ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ንጥሩን በየደረጃው በግማሽ እያቀጠናችሁ እድገትን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን ፈልጉ፤ ከዚያም እድገት ካልታየበት ጉድጓድ ወስዳችሁ በአዲስ አጋር ላይ በመዝራት ባክቴሪያው ሞቶ እንደሆነ ወይም እድገቱ ብቻ ተገትቶ እንደሆነ ለዩ። በሚሊሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች የሚሠራ ንጥር ተስፋ አለው፤ 10 ሚሊግራም የሚጠይቀውን ግን ለሚጠጣ መድኃኒት አልመኘውም። ንጥሩ የሰው ሕዋስንም የሚገድል መሆን አለመሆኑን መፈተሽ አትዘንጉ።

የዕፅዋቱን ማንነት በአካባቢ ስሙ ብቻ አትወስኑ፤ አንድ ስም በሁለት ወረዳ ሁለት ተክል ሊሆን ይችላልና ናሙናውን የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች በሚቀመጡበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አስለዩ። የማኅበረሰቡ ዕውቀትም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ መብት መሆኑን እወቁ።

ምንም ክብ ካልታየም ውጤቱን ጻፉት። ኮሶ የታወቀው በትል ማስወጫነቱ ነው፤ ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ባይገታ ከክብሩ የሚቀንስ ነገር የለም። አዘገጃጀትም ይወስናል፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ የሚሆነውን አርቴሚሲኒን ያገኙት፣ ማፍላቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብለው ተክሉን በዝቅተኛ ሙቀት ኤተር በተባለ ማሟሚያ በማውጣታቸው ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸውም ይኸው ሥራ ነው።

ቅጠሉን ወደሰጡኝ እናት የተመለስኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። ውጤቴን በጥሞና ካዳመጡኝ በኋላ፣ እሳቸው ቅጠሉን የሚጠቀሙት በእሳት ለብልበው፣ በለጋ ቅቤ ለውሰው እንደሆነ ነገሩኝ። እንዴት እንደሚያዘጋጁት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር። በሳምንቱ ቅቤ ይዤ ወደ ቤተ ሙከራ ገባሁ።