«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ዛፍ መለየት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬን በደን ሙያ አሳልፌ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከእናንተ መካከል ደን የሚያጠና አለ፣ ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ አለ፣ እሑድ እሑድ እንጦጦ ወጥቶ ዛፍ ማየት የሚወድም አለ። የምትጠይቁኝ ግን አንድ ነው፦ «ይሄን ሁሉ ስም እንዴት ነው የምንይዘው?»

ስሙ ይደርሳል። እኔ ከወጣት ባለሙያ ጋር ጫካ ስገባ፣ የዛፉን ስም ሲነግረኝ ወዲያው «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ያኛው አለመሆኑንስ በምን አወቅህ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ፤ ስሙን በትክክል የተናገሩትም ጭምር። ለእኔ ዛፍ ለየ የሚባለው ይቺን ጥያቄ የመለሰ ነው።

ጽድን እንውሰድ። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉን የሸፈነ ነው። ስለዚህ ፍሬውን ፈልጉ። የሐበሻው ፍሬ አተር የሚያክል፣ ለስላሳ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ነው። የፈረንጁ ደግሞ ጠንካራ እንጨት የመሰለ ድቡልቡል ነው፤ ሲደርስ ተሰነጣጥቆ ዘሩን ይበትናል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የሐበሻ ጽድ ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው። ወንዱ ሥር ቆማችሁ ቀኑን ሙሉ ፍሬ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ዞር ብላችሁ ጎረቤቱን እዩ።

ይሄ የትምህርት ቤት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዘር ለቃሚው እናት ዛፉን ከሳተ ችግኝ ጣቢያው በሙሉ ይስታል። ተተክሎ፣ አድጎ፣ ከዓመታት በኋላ «ይሄ እኮ ያ አይደለም» ቢባል ማን ይነቅለዋል?

ዕድሜም ያታልላል። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣልንን ባሕር ዛፍ ማን አያውቅም? የነጭ ባሕር ዛፍን ቡቃያ ግን እዩት። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ አመድማ ሰማያዊ፣ አንገት የሌለው፣ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ ነው። ሲያድግ ቅጠሉ ረዝሞና እንደ ማጭድ ጎብጦ፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ እየወጣ ይንጠለጠላል። ሁለቱን ቅጠል ነጥሎ ለማያውቀው ሰው ብታሳዩት የአንድ ዛፍ ናቸው ብሎ አያምናችሁም። ስለዚህ አንድ ቅጠል በጥሳችሁ «ይሄ ምንድነው?» አትበሉኝ። ቅርንጫፉን አምጡልኝ።

ቅርንጫፍ ከያዛችሁ ከቡና ጀምሩ፤ ቡና በብዙ ወይና ደጋ አካባቢ ይገኛል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። አሁን በሁለቱ ቅጠሎች አንገት መካከል ቅርንጫፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሽፋን አለች። ይቺ ነገር የቡና ቤተሰብ ምልክት ናት። አንዴ ዓይናችሁ ከለመዳት፣ ስሙን የማታውቁት ቁጥቋጦ ላይ ስታገኟት ቢያንስ ቤተሰቡን ገመታችሁ ማለት ነው። የሾላና የዋርካ ወገን ደግሞ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ቅርንጫፉ ላይም ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ይታያል። ወተት ያለው ሁሉ ግን ሾላ አይደለም። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ዓይን ክፉኛ ይጎዳልና እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ። ማሽተት ጥሩ ነው፤ ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ሲታሽ መራራ የአልመንድ ሽታ ይሰጣል። የማታውቁትን መቅመስ ግን ይቅርባችሁ።

ወደ ግራር ልምጣ፤ እኔ በጣም የምወደው ፈተና እሱ ነው። «ግራር ነው» ማለት ገና መጀመር ነው። እሾሁን እዩ። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቀጥ ያለ ነው ወይስ እንደ ድመት ጥፍር የቆለፈ? አበባው ድቡልቡል ነው ወይስ ረዘም ያለ ጭራ? ስምጥ ሸለቆ ላይ ጃንጥላ የመሰለውን ግራር ብታዩ ቀጥ ያለና የቆለፈ እሾህ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ቀላቅሎ ይዟል፤ ፍሬውም የተጠማዘዘ ነው። ሙጫ የሚሰጠው ደግሞ እሾሁ ሦስት ሦስት ነው፤ ሁለቱ ወደ ላይ፣ መካከለኛው ወደ ታች የቆለፈ። የእጽዋት ሊቃውንትም በ2005 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ጉባኤ የግራር ሳይንሳዊ ስም የነበረው «አካሺያ» ለአውስትራሊያዎቹ ዝርያዎች እንዲቀር ወስነዋል። የእኛዎቹ «ቫቼሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» ሆነው ተከፈሉ። ብዙ ሰው ተናዶ ነበር፤ እኔም ደስ አላለኝም። ቢሆንም ክፍፍሉ ከእሾሁና ከአበባው ጋር በአብዛኛው ይገጥማል፣ ለተማሪ ያግዛል።

ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ማሳ መሃል የቆመውን ግራር ደግሞ በጋ ላይ እዩት፣ ክረምት ላይም ተመለሱበት። በበጋ ለምልሞ፣ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል። ገበሬው ከሥሩ እህል የሚዘራው ጥላው በዝናቡ ወራት ስለሚሳሳ ነው። ይሄኛው «ፌይደርቢያ» ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳችሁ ብታዩት ይሄን ጠባዩን ከየት ታገኙታላችሁ?

ስለ ስልክ አፕ ትጠይቁኛላችሁ። ተጠቀሙበት፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን አፑ ደህና አድርጎ የሚያውቀው ፎቶ የበዛለትን ተክል ነው። አገራችን ወደ 6,000 የሚጠጋ የተክል ዝርያ አላት፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ አገር የሌለ ነው። የነዚህ ፎቶ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ አፑ ስም ሲሰጣችሁ እሱንም ያቺኑ ጥያቄ ጠይቁት። ከአፑ ይልቅ የአካባቢው አዛውንት ይሻላሉ። የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ደን ስትገቡ አባቶችን አስፈቅዱ። ስሙን ብቻ ሳይሆን «ለምን ይጠቅማል? መቼ ያብባል?» በሏቸው።

ስም ያጣችሁለትን ናሙና አትጣሉት። አበባ ወይም ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሃል ዘርግታችሁ በካርቶን ጠፍሩት፤ እርጥቡን ጋዜጣ በየቀኑ ቀይሩ። አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የእጽዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ውስጥ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ማመሳከር ይቻላል። ቦታውና ከፍታው ያልተጻፈበት ናሙና ግን ብዙም አይረዳም። ደጋ ነው ወይስ ቆላ የሚለው ብቻውን ግማሹን እጩ ያስወጣል። የዛፉን ቁመትና የአበባውን ቀለም ደግሞ እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ከደረቀ በኋላ ሁሉም ቡኒ ነው።