«ጸበል ቀናተኛ ነው»፦ ለሱባኤ ብላ ኬሞዋን ታቋርጥ ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ለገጣፎ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ ጀምራለች። ሁለት ዙር ወስዳለች። ጎረቤታችን «ጸበል ቀናተኛ ነው፣ ከመድኃኒት ጋር አይሄድም» ብላ እንጦጦ ሁለት ሱባኤ እንድትይዝ አሳመነቻት። ሦስተኛው ዙር የሚሰጥበት ቀን ደግሞ ሱባኤው መሀል ላይ ወደቀ። እናቴ ቀጠሮውን ልታስቀረው ነው። «አይሆንም» ብል እምነት የለሽ ተባልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ቀጠሮው አይቅር። ይህን አስቀድሜ የምለው ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ነው።

ስለ ጸበሉ ሥርዓት አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ይህችን «ቀናተኛ ነው» የምትባል ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። ስንት ጊዜ ሰማኋት! በስኳር ታማሚው ቤት፣ በደም ግፊት ታማሚው ቤት፣ ከሁሉም በላይ በኤች አይ ቪ ዘመን። ያኔ እንጦጦ ጸበል ገብተው ክኒናቸውን የጣሉ ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱም ጸበሉም አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ነገሩ ያኔ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ዛሬ በካንሰር መጣ።

እግዚአብሔር ቀናተኛ አምላክ ነኝ ያለው ስለ ጣዖት ነው። መድኃኒት ጣዖት አይደለም። ሕዝቅያስን አስቢው። ንጉሡ ለሞት ታሞ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ዐሥራ አምስት ዓመት እንደተጨመረለት ነገረው። ተስፋው ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? እኛ ብንሆን «በቃ ተፈውሰሃል፣ ተነስ» እንል ነበር። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደረገለት (2ኛ ነገ. 20፥7)። ነቢዩ እምነት ጎድሎት ነው? ሲራክም በምዕራፍ 38 የሚያዘው በሕመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ብሎ ነው። ሁለቱም እዚያው አንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው።

በጸበል የሚፈወስ አለ። እኔም አምናለሁ፣ አስተምራለሁም። ግን የተጀመረን ሕክምና አቋርጦ «እስቲ ያድነኝ እንደሆነ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ሰይጣን ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው መዝሙር እየጠቀሰ ነበር። መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው። ኬሞ በዙር የሚሰጠው በስሌት ነው። ሰውነት እንዲያገግም፣ በሽታው ግን ፋታ እንዳያገኝ። ሐኪሙ ሳያውቅ ዙር ማስቀረት ለካንሰሩ ፋታ መስጠት ነው።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። በአንድ ጎረቤት ቃል ለምን ቶሎ እሺ አሉ? እንዲህ ባለ ቤት ብዙ ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ጸጉራቸው ረግፎ ነጠላቸውን እስከ ቅንድብ ስበው የሚቀመጡ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት የሚወጡ፣ ልጆቼን አስቸገርኩ እያሉ የሚሳቀቁ እናቶች አሉ። «ኬሞው ከበደኝ» ማለት ያፍራሉ። «ጸበል ልግባ» ማለት ይቀላል፤ ማን ይቃወማቸዋል? እንግዲያው አትከራከሪያቸው። አጠገባቸው ተቀመጪና «እማዬ፣ የቱ ነው የከበደሽ?» በያቸው። ማቅለሽለሹ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር፣ ማስታገሻ አለው። «ይህ የመጣብኝ በኃጢአቴ ነው» ካሉሽ ደግሞ ዮሐንስ 9ን አንብቢላቸው። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «እሱም ሆነ ወላጆቹ አልበደሉም» ያለው ጌታ ራሱ ነው። «እምነትሽ ቢጎድል ነው ያልዳንሽ» የሚል ጠያቂ ከመጣ በትሕትና ግን በግልጽ ከበር መልሺው። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀን ዝም ብለው ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ጸበሉ አይቅርባቸው። ነገር ግን ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተጋፍቶ መጠመቅም ሆነ ያልፈላ ውኃ መጠጣት ለጊዜው ሊጎዳቸው ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። እስከዚያው ቤት ሆነው መረጨት ይችላሉ። የንስሐ አባታችሁ መጥተው ይጸልዩላቸው፣ ቀንዲል ያድርሱላቸው፣ ያቁርቧቸው። ጾሙንም ይፍቱላቸው፤ ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን አያስገድድም። ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ግን በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

ጎረቤታችሁን አትጣያት። ክፉ አስባ አይደለም፣ ትወዳቸዋለች። ሥራ ስጫት። በቀጠሮው ቀን ከእናንተ ጋር ትሂድ፤ የታክሲውንና የወረፋውን ነገር ታውቂዋለሽ፣ ለአንድ ሰው አይቻልም። አንቺ ካርድ ስታወጪ እሷ ከእናትሽ ጋር ተቀምጣ ዳዊቷን ትድገም።