መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያለበትን ታካሚ ስለመንከባከብ፦ ከጎንደር ለተነሱ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ጓንት ካደረግሁ እጄን ማጽዳት ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፤ ሲወልቅም እጅ ይበከላል። የባሰው ግን በዚያው ጓንት ካርድና የበር እጀታ መነካቱ ነው። የአንዱን ታካሚ የሽንት ከረጢት አራግፎ ጓንት ሳይቀይሩ ወደ ቀጣዩ አልጋ መሄድ ክሌብሲየላን (መድኃኒት ከሚላመዱት ባክቴሪያዎች አንዱን) በእጅ ማድረስ ነው። ሲስተር፣ እንዳወለቁ ወዲያው እጅዎን ያጽዱ፦ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና ሳሙና ከ40 እስከ 60።

ጥያቄ፦ ውሃ በጠፋ ቀንስ?

መልስ፦ እጅ ላይ ደም ወይም ሰገራ ካልታየ አልኮሉ ይበቃል። ፋርማሲው ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለ10 ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 በመቶ ግሊሰሮል 145፤ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ከዚያ 72 ሰዓት ተዘግቶ ይቀመጥ፤ በጠርሙሱ ውስጥ የገቡ ስፖሮች (ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ዘሮች) የሚሞቱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ቸኩላችሁ አታከፋፍሉት። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ላመጣው ተቅማጥ ግን አልኮል አይሠራም፤ ያለችውን ውሃ ለዚያ ቆጥቡ።

ጥያቄ፦ በረኪና ስንት በስንት?

መልስ፦ ጠርሙሱ 5 በመቶ ካለ 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ፣ 4 በመቶ ካለ 1 በ7፤ ሁለቱም 0.5 በመቶ ይሰጣሉ። የሚጸዳው አልጋ ወይም ዕቃ አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብና ይለቅለቅ፤ ቆሻሻ ክሎሪኑን ያዳክመዋል። 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ፀሐይ አያግኘው። አሲኔቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በደረቅ የአልጋ ብረት ላይ ሳምንታት ስለሚቆይ ወለሉ ብቻ መወልወሉ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ለብቻው የሚተኛበት ክፍል የለንም።

መልስ፦ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ያለባቸውን አንድ ጥግ አስተኟቸው፤ በአልጋዎች መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ይኑር። ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ የራሳቸው ይሁን። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላኩ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ለልጄ አስተላልፍ ይሆን? መድኃኒት ልጀምር?

መልስ፦ መድኃኒት አይጀምሩ። ጤነኛ ልጅ በዚህ የመታመም ዕድሉ አነስተኛ ነው። እጅዎን ታጥበው፣ የሥራ ልብስዎን ቀይረው ይውጡ።

ጥያቄ፦ አስታማሚዎችንስ?

መልስ፦ በእኛ ዋርድ አስታማሚ የጎረቤቱን ታካሚም ያነሳል፣ ያጎርሳል። ደግነቱን ሳትነቅፉ፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፍ እጁን እንዲያጸዳ አሳዩት፤ ጋቢና ኩባያ አይዋዋሱ። ታካሚው ፊት «አትጠጉት» አትበሉ። አልጋው ዘንድ የሚመጣ ካጣ ሳይገላበጥ ውሎ ጀርባው ይቆስላል።