ሮዶዴንድሮን ከመግዛትዎ በፊት አፈሩን ይዩለት

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በአበባ የተጥለቀለቀ ሮዶዴንድሮን የሚባል ቁጥቋጦ ከነፖቱ ገዝቼ ግቢዬ ውስጥ ከግንብ አጥሩ ሥር ተከልኩት። አሁን አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፤ ጅማታቸው ግን አረንጓዴ ነው። ዘንድሮ አንድም አበባ አላወጣም። ጉልበት ይሁነው ብዬ ፍግና አመድ ብጨምርለት ጭራሽ ባሰበት። ይሄኛው ይድናል ወይስ ሌላ ዓይነት ልግዛ? ግቢው ውስጥ ፍየሎችም አሉኝ።

መልስ፦ ተክልዎ ሊድን ይችላል። ሌላ ለመግዛት ግን አይጣደፉ። አፈሩ እስካልተስተካከለ ድረስ የሚመጣውም ተክል ዕጣው ያው ነው።

ምልክቱን በደንብ ስለገለጹልኝ ሥራዬን አቅልለውልኛል። አዲስ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ሲቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ብረት አንሶታል ማለት ነው። ያነሰው ናይትሮጅን ቢሆን ኖሮ ቀድመው የሚገረጡት የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ነበሩ። ደግሞ ብረቱ ከአፈሩ አልጠፋም። አፈሩ ውስጥ ኖራ ሲበዛ ብረቱ ሥሩ ሊወስደው በማይችል መልክ ይያዛል። ስለዚህ ማዳበሪያ በላይ በላዩ መጨመር እዚህ ላይ አይረዳም።

ሮዶዴንድሮን የሚወደው ኮምጣጣ፣ ማለትም አሲዳማ አፈር ነው። ፒኤቹ (የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚለካው ቁጥር) ከ4.5 እስከ 6 ቢሆን ይስማማዋል። አብዛኛው አትክልት የሚወደው ከ6 እስከ 7 ያለው አፈር ለሱ ይከብደዋል። የፒኤች ቁጥር በአንድ ከፍ ሲል አሲዱ በ10 እጥፍ ይቀንሳል። ከ5.5 ወደ 7.5 መውጣት እንግዲህ የ100 እጥፍ ልዩነት ነው።

እርስዎ ጋ ሁለት ነገር ተደራርቧል። አንዱ ግንቡ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከሲሚንቶው የሚታጠበው ኖራ ከሥሩ ያለው አፈር ውስጥ ይገባል። ሌላው አመዱ ነው። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ቶሎ ያጠፋል፤ ለሮዶዴንድሮን በፍጹም አይሰጥም። ፍጉም ትኩስ ከነበረ በውስጡ ያለው ጨው ቀጫጭን ሥሮቹን ሊያቃጥል ይችላል።

መጀመሪያ አፈሩን ይሞክሩት። ከግንቡ ሥርና ከግቢው ሌላ ጥግ አንድ አንድ እፍኝ ደረቅ አፈር ይውሰዱና ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ እዚያ አይትከሉ። አረፋ ስላላወጣ ብቻ ግን አፈሩ ኮምጣጣ ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩን የሚነግርዎት የፒኤች መለኪያ ወይም የአፈር ላቦራቶሪ ነው።

ከዚያ ተክሉን ከቦታው ያንሱት። ይህ አያስፈራዎት፤ የሮዶዴንድሮን ሥር ወደ ታች ጠልቆ ስለማይሄድ ከብዙ ቁጥቋጦዎች ይልቅ ለማዛወር ይቀላል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለበት፣ አፈሩም የረጠበበት ወቅት ይምረጡ። ሰፋ አድርገው ዙሪያውን ቆፍረው ከነአፈሩ ያውጡት።

ሲያወጡት ሥሩን በደንብ ይዩልኝ። ሥሩ አሁንም የፖቱን ቅርጽ እንደያዘ ክብ ሆኖ ካገኙት፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ አፈርዎ አልገባም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ተክል ዙሪያው ረጥቦ እንኳን መሃሉ ደርቆ ይከርማል። አንዴ የደረቀ የፖት አፈር ውሃ መልሶ አይቀበልም፤ ያፈሰሱት ውሃ በጎኑ ሾልኮ ይወርዳል። ባልዲ ውስጥ ይንከሩትና አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይቆይ። ከዚያ የተጠማዘዙትን ሥሮች በጣት ይፍቱ። ካልተፈቱ በስለት ጎን ጎኑን ከላይ ወደ ታች ሦስት አራት ቦታ ጫር ያድርጉት። ጭካኔ ይመስላል፤ አዲስ ሥር የሚወጣው ግን ከዚያ ቁስል ነው።

አዲሱ ጉድጓድ ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ ይሁን። ከአፈሩ ጋር የበሰበሰ ቅጠልና የተፈጨ የጥድ ቅርፊት ይቀላቅሉበት። ተክሉ ሲቀመጥ የሥሩ አናት ከመሬቱ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ላዩን አፈር አያልብሱት። ሮዶዴንድሮንን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ጠልቆ መተከል ነው። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ አየር ካላገኘ ይበሰብሳል። መሬትዎ ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይቆፍሩ። 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሠርተው እዚያ ላይ ይትከሉት።

ዙሪያውን ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ውፍረት ባለው የጥድ ቅጠል ወይም ቅርፊት ይጎዝጉዙት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። አንዴ ከጎዘጎዙ በኋላ ዶማና መኮትኮቻ እዚያ አካባቢ አይድረስ፤ ሥሩ እዚያው ከላይ ነው ያለው። አረም በእጅ ይነቀላል። የቡና አተላ ያኮመጥጣል ሲባል ሰምተው ይሆናል። አሲዱ በአብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቶ አልቋል፤ በብዛት ከተደፋ ደግሞ ይጋገርና ውሃ ይከለክላል።

የቧንቧ ውሃዎ ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ኖራ አለበት፤ የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙለት። ለቢጫው ቅጠል ፈጣን ማስታገሻ የብረት ኪሌት፣ ማለትም ተክሉ በቀላሉ እንዲወስደው ሆኖ የተዘጋጀ ብረት ነው። አፈሩን ለማኮምጠጥ ድኝ ይሠራል፤ ግን ወራት ይፈልጋል፤ በአንዴም አይበዛም። አሉሚኒየም ሰልፌት እንዳይሰጡት፤ አሉሚኒየሙ ሥሩን ይጎዳል። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ ግን እርጥብ ከሆነ ውሃ አይጨምሩ። ያ የሥር መበስበስ ምልክት ነው።

ወደ አበባው ልምጣ። ሲገዙት ያበበው የተንከባከበው ሰው ባለፈው ወቅት ባዘጋጀው እምቡጥ ነው። የሚቀጥለው ዓመት እምቡጥ የሚቋጠረው የዘንድሮው አበባ ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ውሃ ከተጠማ፣ ናይትሮጅን ከበዛበት ወይም ዘግይቶ ከተገረዘ አበባ የለም። የደረቀውን የአበባ ዘለላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙና ወደ ጎን ገፋ ያድርጉት፤ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ልክ ከሥሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ቡቃያዎች አሉ። የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚሸከሙት ቅርንጫፎች ከነሱ ይወጣሉ፤ በመቀስ ሲቸኩሉ አብረው ይቆረጣሉ። በኋላ ወፍራምና ድቡልቡል ሆኖ የሚታይዎት የአበባ እምቡጥ ነው፤ ቀጭንና ሹል የሆነው ቅጠል ይሆናል።

ሌላ መጨመር ካማረዎት ቅጠሉን አይተው ይምረጡ። ቅጠሉ በሰፋ ቁጥር ጥላና ከነፋስ መከለያ ይፈልጋል፤ ትናንሽ ቅጠል ያላቸው ፀሐይ ይችላሉ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ፤ አዛሊያም ከነሱ መካከል ናት። የኔፓል ብሔራዊ አበባ የሆነው ሮዶዴንድሮን አርቦሬየም ትልቅ ዛፍ ይሆናል፤ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ለጠባብ ቦታ ከጃፓኗ ያኩሺማ ደሴት ከመጣው ያኩሺማነም የተዳቀሉትን እመርጣለሁ። ዝቅ ብለው ይሰፋሉ፤ የብዙዎቹ ለጋ ቅጠልም በነጭ ለስላሳ ጠጉር ተሸፍኖ ይወጣል፤ ያለ አበባም ያምራሉ። አመዳይ በማይወርድበት ቦታ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተራሮች የመጡት ቪሬያዎች አሉ፤ ብርድ ግን አይችሉም። ሱቅ ውስጥ አበባው የሞላውን ሳይሆን ብዙ ቅርንጫፍ ከታች ያወጣውን ይውሰዱ።

የፍየሎቹ ነገር እንዲያውም ከሁሉ ያሳስበኛል። የሮዶዴንድሮን ቅጠልም አበባም መርዝ ነው። ግራያኖቶክሲን ይባላል፤ ጥቂት ቅጠል እንኳን ፍየልና በግ ይመርዛል። ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድና መድከም ካዩ የቤት እንስሳት ሐኪም ወዲያው ይጥሩ፤ የበላችውንም ይንገሩት። ስለዚህ አዲሱ ቦታ ፍየሎቹ በማይደርሱበት፣ በአጥር የተለየ ይሁን። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግርዛዩ ነው። የቆረጡትን ቅርንጫፍ አጥር ላይ ወይም በረት ዳር አይጣሉ፤ የደረቀውም መርዙ አይለቅም። ዛሬውኑ ሰብስበው ይቅበሩት።