የሬይንቦ ፓፓያ ዘር ለአርባ ምንጭ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል ነው። እዚህ «ሬይንቦ» የሚባል የሃዋይ ፓፓያ እገዛለሁ፤ ቫይረስ እንዳያጠቃው ዘረመሉ የተለወጠ ነው ይባላል። አርባ ምንጭ ያለው ወንድሜ የፓፓያ ዛፎቹ ቅጠላቸው እየተሸበሸበ አስቸግረውታል። ዘሩን አድርቄ ብልክለት ይጠቅመዋል? ደግሞስ ፍሬው ውስጥ የቫይረስ ፕሮቲን አለ የሚባለው እውነት ነው? (ሀ. መ.)

መልስ፦ አይላኩለት። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ ዘሩ ራሱ እርስዎ ያሰቡትን ሥራ አይሠራም።

ሬይንቦ የተዘጋጀው ለአንድ አካባቢ ቫይረስ ነው። የፓፓያ ቀለበታማ ነጠብጣብ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1992 የሃዋይ ፓፓያ በብዛት ወደሚመረትበት ወደ ፑና ገባ። በዚያ ዓመት 53 ሚሊዮን ፓውንድ የነበረው የፑና ምርት በ1998 ወደ 27 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ጎንሳልቬስና ባልደረቦቹ ሥራውን አስቀድመው ጀምረውት ነበር። የቫይረሱን ልባስ የሚሠራውን፣ የሽፋን ፕሮቲን ዘረመል የሚባለውን፣ ከሃዋይ ከተገኘ ደካማ የቫይረሱ ዝርያ ወስደው፣ ሰንሴት በሚባለው ፓፓያ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ በዘረመል መተኮሻ (ዘረመል የተቀባባቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች ወደ ሕዋስ በሚተኩስ መሣሪያ) አስገቡት። ከዚያ ሰንአፕ ወጣ፤ ሰንአፕ ካፖሆ ከሚባለው ቢጫ ፓፓያ ጋር ሲዳቀል ሬይንቦ ተገኘ። ዘሩ ለገበሬዎች የታደለው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቫይረሱ 780 ናኖሜትር ያህል የሚረዝም ክር ነው። መሃሉ ላይ አርኤንኤ፣ ማለትም የቫይረሱ የዘር መመሪያ የተጻፈበት ሞለኪውል አለ፤ ዙሪያውን 2 ሺህ ገደማ የሽፋን ፕሮቲኖች ከበውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሮጀር ቢቺ ቡድን የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን ሽፋን ፕሮቲን የሚሠራ ትምባሆ በሽታውን ሲቋቋም ባሳየ ጊዜ፣ ተክሉን የሚጠብቀው ፕሮቲኑ ነው ተብሎ ታመነ። በኋላ ግን ፕሮቲን እንዳይሠራ ሆኖ የተበላሸ የሽፋን ዘረመልም በሌላ የትምባሆ ቫይረስ ላይ ያው ጥበቃ ሰጠ። የፓፓያውም ጥበቃ እንዲሁ በአርኤንኤ በኩል ነው። ተክሉ ከዘረመሉ የሚወጣውን አርኤንኤ ከ21 እስከ 24 ፊደል ባላቸው ቁርጥራጮች ይከታትፈዋል፤ እነዚህን ቁርጥራጮች እንደ መለያ ይዞ፣ ከእነሱ ጋር የሚገጥም የቫይረስ አርኤንኤ ሲገባ ይቆርጠዋል። ካልገጠመ አይቆርጥም።

የእርስዎ ዘር ችግር እዚህ ላይ ነው። ሬይንቦ የሃዋይን ቫይረስ ይቋቋማል፤ በታይላንድና በታይዋን ቫይረስ ግን ተሸንፏል። ሰንአፕ ዘረመሉን በሁለት ቅጂ ስለያዘ ሬይንቦን ያጠቁ አንዳንድ ዝርያዎችን ቢመክትም እሱም የታይዋኑን አልቻለም። በለጋነቱ የተያዘ ሬይንቦ ደግሞ ካደገው ይልቅ ይጋለጣል። አርባ ምንጭ ያለው ቫይረስ የትኛው እንደሆነ ሳይመረመር ዘር መላክ በጭፍን መወራወር ነው።

ሌላም አለ። ሬይንቦ ዘረመሉን ያገኘው ከአንድ ወላጁ ብቻ ስለሆነ፣ በራሱ ብናኝ ከተዳቀለ ፍሬ ከሚወጣ 100 ዘር 25 ያህሉ ዘረመሉ የለበትም። ከዚህም በላይ አንድ ሦስተኛው ሴቴ ይሆናል፤ ገበያ የሚፈልገውን ረዘም ያለ ፍሬ የሚሰጠው ጾታው ጥንድ የሆነው ዛፍ ነው። ሁለቱንም የሚያሟላው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው። የሃዋይ ሰዎች ዘረመሉን የሚለዩበት ቀላል መንገድ አላቸው፦ አብሮ የገባ ጠቋሚ ዘረመል ስላለ፣ ከዘሩ የወጣው ፅንስ በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ዘረመሉ ካለበት ሰማያዊ ይሆናል። ለአንድ ጓሮ ግን ይህ ሁሉ አያዋጣም።

ሕጉም ቢሆን አይፈቅድልዎትም። ልውጠ ህያዋን (ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋን) ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት በአዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 896/2007 መሠረት በፈቃድ ነው። ለተራ ዘርም ቢሆን የእፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠየቃል።

ፕሮቲኑን በሚመለከት፦ አዎ፣ ሬይንቦ ውስጥ በጥቂቱ አለ። በቫይረሱ የተያዘ ተራ ፓፓያ ውስጥ ግን እጅግ የበዛ አለ፤ ሰውም ያንን ሲበላ ኖሯል። ቫይረሱ ሰውን አይዝም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጉዳዩን መርምሮ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ወንድምዎ በመጀመሪያ በሽታው የዚህ ቫይረስ መሆኑን ይለይ። የቅጠል መሸብሸብ ብቻውን አይበቃም፤ በአጠገብ ባለ ጤፍ ወይም በቆሎ ላይ 2,4-ዲ የሚባል ፀረ አረም ሲረጭ ነፋስ ካመጣበት ፓፓያ ቅጠሉ ልክ እንዲህ ይጠባል፣ ይጣመማል። የቫይረሱ ምልክት በፍሬው ላይ የሚታይ ክብ ቀለበትና፣ በቅጠል ዘንጎችና በግንዱ ጫፍ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ጥቁር አረንጓዴ ሰረዝ ነው። እነዚህ ከሌሉ ፀረ አረሙን ይጠርጥር።

ቫይረሱ ከሆነ፣ በሽታውን በሚያስተላልፈው ትንሽ ነፍሳት፣ በክሽክሽ፣ ላይ መድኃኒት በመርጨት አይዳንም። ክሽክሽ በፓፓያ ላይ አይራባም፤ ሲያልፍ ቅጠሉን ይቀምሳል፣ ያችም ቅምሻ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቫይረሱን ታስተላልፋለች። መድኃኒቱ ነፍሳቱን ሳይገድል ሥራው አልቋል። የሚያዋጣው ምልክት ያየበትን ዛፍ ወዲያው ነቅሎ ማስወገድ፣ ችግኙን ከአሮጌ ዛፎች ርቆ በጥቅጥቅ መረብ ሥር ማሳደግ፣ ማሳውንም ችግኝ ከመትከሉ ከአንድ ወር በፊት ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ወይም ማሽላ ማጠር ነው፤ ክሽክሹ መጀመሪያ በቆሎውን ሲቀምስ በአፉ የያዘውን ቫይረስ እዚያ ይተወዋል። ዱባና ዝኩኒም ቫይረሱን ሊሸከሙ ስለሚችሉ በፓፓያው መሃል አይዝራ። ቫይረሱ በዘር አይተላለፍም፤ ስለዚህ ከራሱ ጥሩ ዛፍ ዘር ማውጣት ይችላል። ፍሬ ከያዘ በኋላ የታመመ ዛፍ ያለውን ፍሬ ሊያደርስ ይችላል፤ ቢሆንም የታመመን ዛፍ ማቆየት ለጎረቤቱ በሽታ ማርባት ነው።