መልስ፦ 60 ኪሎ ወይስ 65?

ወንድሜ፣ «63 ኪሎ ነኝ፤ ለመጀመሪያ የውጭ የቦክስ ውድድሬ ወደ 60 ኪሎ ምድብ ልውረድ ወይስ 65 ልግባ?» ላልከው፣ 65 ግባ።

ጣና ዳር በቀትር ፕላስቲክ ለብሰህ ስትሮጥ የሚወርደው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። ለአንድ ቀን ይሠራ ይሆናል። አማተር ቦክሰኛ ግን አንዴ ተመዝኖ አይገላገልም፤ በሚጋጠምበት ቀን ሁሉ ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። ሰኞ 3 ኪሎ ያደረቀ ልጅ ረቡዕ ያንኑ ሲደግም ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ይተሳሰራል፣ እጁም ከአገጩ ይወርዳል። በዚያ ላይ አዋቂ ወንዶች የሚጋጠሙት ያለ ራስ መከላከያ ነው።

ከኪሎው ይልቅ አጀማመርህ ያሳስበኛል። ግጥሚያው 3 ዙር ነው፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ። 5 ዳኞች ዙሩን ላሸነፈ 10፣ ለተሸነፈ 9 ወይም ከዚያ በታች ይሰጣሉ። እኛ ሰፈር የለመድነው «መጀመሪያ ላጥናው» የሚባል ነገር አንድ ዙር በነፃ መስጠት ነው። ደወሉ ሲመታ በጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅህ ቀጥታ ምት፣ ቅደም።

ሌላው በጥፊ መምታት ነው። በጓንት ውስጠኛው በኩል ያረፈ ምት ነጥብ የለውም፤ ሲደጋገምም ያስቀጣል። የቡጢ መለማመጃ ከረጢቱን ስትመታ ጆሮህን ጣል አድርግ፦ «ጧ» ካለ መዳፍህ ነው፣ «ዱብ» ካለ የጣትህ አንጓ። «ጧ» የሚለው ብዙ ጊዜ ሁክ (ከጎን ታጥፎ የሚመጣ ምት) ስትሰነዝር ክርንህ ቀድሞ ስለሚወድቅ ነው። ክርንህን ከቡጢህ ጋር እኩል ከፍ አድርገህ፣ ፋሻውንም የጣቶችህ አንጓ ላይ ደረብ አድርገህ ጠቅልለው።

ፓስፖርትህን ግን ዛሬውኑ ጀምር።